ከቤቱ በፊት መንገዱ፦ በከተሞቻችን ዳርቻ የሚመሠረቱ አዳዲስ ሰፈሮች እንዴት ይነደፋሉ?

በከተማ ዳርቻ አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ቤት ነው። የቆርቆሮ አጥር ይታጠራል፣ ድንጋይና አሸዋ ይራገፋል፣ ጣሪያ ይመታል። ነዋሪው ከገባ በኋላ የመብራት፣ የውኃና የመንገድ ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምላሹ የሚዘገየው ሁልጊዜ በበጀት እጥረት ምክንያት ብቻ አይደለም። የውኃ ቧንቧው የሚያልፍበት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው የሚቆምበትና የጎርፍ ቦዩ የሚወርድበት መሬት አስቀድሞ ሳይከለል ቀርቶ ቤት ከተሠራበት፣ በጀቱ ቢገኝም ሥራው በቀላሉ አይጀመርም።

ይህ ጽሑፍ በማስፋፊያ አካባቢዎች ቦታ ለማግኘት፣ ቤት ለመግዛት ወይም ለመገንባት በዝግጅት ላይ ለሚገኙ፣ እንዲሁም በእነዚሁ አካባቢዎች እየኖሩ የመሠረተ ልማት አገልግሎት ለሚጠባበቁ ዜጎች የቀረበ ነው። የሰፈር ንድፍ ሲዘጋጅ ምን ከምን እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም ያብራራል፤ ተገልጋዩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮችንም ያመለክታል።

የሚመጣው ነዋሪና የሚነሳው አርሶ አደር

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን ትንበያ መሠረት በማድረግ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው የኢትዮጵያ ከተሞች ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 15.2 ሚሊዮን የነበረው የከተማ ነዋሪ ቁጥር በ2037 ወደ 42.3 ሚሊዮን እንደሚያድግ ተመልክቷል። በ25 ዓመታት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ዕድገት ማለት ነው። መሀል ከተማን በማደስና ወደ ላይ በመገንባት ከዚህ ነዋሪ ከፊሉን ማስተናገድ ይቻላል፤ ሁሉንም ግን አይቻልም። ከተሞች ወደ ጎን መስፋታቸው የማይቀር በመሆኑ በምን ሥርዓት እንደሚሰፉ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

የከተማ ዳርቻ ባዶ መሬት አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። እስከ ትናንት ጤፍና ሽምብራ ይመረትበት የነበረ የአርሶ አደር ማሳ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበትና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ ሲሆን፣ አዋጁ ከዚያ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። ሆኖም ከካሳው በፊት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከአርሶ አደሩ የሚወሰደው መሬት በአግባቡ ሥራ ላይ ይውላል ወይ? መሬት የሚያባክን ንድፍ የተዘጋጀለት ሰፈር ቶሎ ይሞላል፤ ከተማውም ወደ ቀጣዩ ማሳ ይሻገራል።

የመንገድ መስመር አስቀድሞ የሚከለለው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ በወቅቱ ዘርፉን ይመራ ከነበረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትና ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የማስፋፊያ ዕቅድ ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ከተማው በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልገው ይገመታል፤ በዚያ መሬት ላይ 30 ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ዋና ዋና መንገዶች በግምት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት እየተቋረጡ እንዲያልፉ መስመር ይወጣል፤ መስመሩም መሬት ላይ በችካል ይለያል። መንገዱ ለጊዜው ጥርጊያ ወይም ጠጠር ሊሆን ይችላል። አስፋልቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢመጣም ችግር የለውም፤ መስመሩ ግን እስከዚያው ድረስ ቤት ሳይሠራበት መቆየት ይኖርበታል።

የ1 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። መንገዶቹ በዚህ ርቀት ሲዘረጉ በመካከላቸው የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ካለው ዋና መንገድ የሚለየው ርቀት ከ500 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህም በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደሚከናወን ሲታሰብ የርቀቱ ጉዳይ ክብደት ይኖረዋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚተገበር ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ያወጣችውም ለእግረኛና ለብስክሌት ተጠቃሚ ትኩረት ለመስጠት ነው። በማስፋፊያ ሰፈር የእግረኛ መንገድ ከአስፋልቱ ተርፎ የሚመጣ ትርፍ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀምበት መንገድ እርሱ ነውና።

የመንገድ መስመር ሳይከለል የተሠራ ሰፈር የሚገጥመውን ችግር በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ብቻ ቀርቷል እንበል። ባጃጅ ያልፋል። የእሳት አደጋ መኪናና የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ ግን ወደ ውስጥ መግባት ይቸገራሉ፤ አምቡላንስም ቢገባ መዞሪያ አያገኝም። ነዋሪዎች ተሰብስበው መንገዱ ወደ 10 ሜትር እንዲሰፋ ቢያመለክቱ 7 ሜትር ተጨማሪ ስፋት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ወገን 3.5 ሜትር መነሳት አለበት ማለት ነው። ጥልቀቱ 12 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 3.5 ሜትር አጥርን በማስገባት ብቻ የሚገኝ ስፋት አይደለም፤ ሳሎን ይቆረጣል። መስመሩ አስቀድሞ ተከልሎ ቢሆን ኖሮ ወጪው የቀያሽ ሥራና የችካል ዋጋ ብቻ በሆነ ነበር።

ከመቶው 40 እጁ ብቻ

በአገራችን የከተማ ፕላን ዝግጅት ሲሠራበት የቆየ አንድ መርሕ አለ። ከሚለማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይውላል የሚል ነው። ይህን የሰሙ ተገልጋዮች በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «የቤት እጥረት ባለበት አገር ከመሬቱ ከግማሽ በላዩ ለምን ቤት አይሠራበትም?» የሚል። ጥያቄው ትክክለኛ በመሆኑ በቁጥር መመለስ ይኖርበታል።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። 40 በመቶው 4,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 500 ካሬ ሜትር ቢሰጥ 8 አባወራ ብቻ ይሰፍራል። በ160 ካሬ ሜትር ቢከፋፈል 25 አባወራ ያርፍበታል። በቤተሰብ 5 ሰው ብንይዝ የመጀመሪያው አከፋፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 4,000 ሰው፣ ሁለተኛው 12,500 ሰው ያስተናግዳል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ለዘላቂ ሰፈሮች የሚመክረው በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 15,000 ነዋሪ ነው። በዚያው 160 ካሬ ሜትር ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተሠርቶ ሁለት ቤተሰብ ቢኖርበት ቁጥሩ ወደ 25,000 ከፍ ይላል። ለመንገድና ለጋራ መገልገያ የተተወው 60 በመቶ ግን አልተነካም።

ከዚህ እንደሚታየው የቤት ቁጥርን ይበልጥ የሚወስነው የግል ቦታው ስፋትና የሕንፃው ከፍታ ነው። ጉዳዩ ከነዋሪው ኪስም ጋር ይገናኛል። በሄክታሩ ውስጥ የሚዘረጋው የውኃ ቧንቧ ርዝመት በሁለቱም አከፋፈል ተቀራራቢ ነው፤ ወጪው ለ8 ቤተሰብ ሲካፈልና ለ25 ቤተሰብ ሲካፈል ግን የየድርሻው ልዩነት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ኮብልስቶን ለማንጠፍ በጋራ ገንዘብ ያዋጡ ነዋሪዎች ይህን ስሌት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሰፋ ያለ ግቢ የብዙዎቻችን ምኞት መሆኑ ባይካድም፣ ዋጋው የሚከፈለው በራቀ ቧንቧና በማይደርስ አውቶቡስ ነው።

መኖሪያ ብቻ ሆኖ የተሠራ ሰፈርም ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ብዙ ሺህ ቤተሰቦች የቤት ባለቤት መሆን ችለዋል። የሥራ ቦታው፣ ትልልቁ ገበያና ብዙው መሥሪያ ቤት ግን በመሀል ከተማ ቀርቷል። ማለዳና ማምሻ ላይ በትራንስፖርት ሰልፍ የሚጠፋው ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ በአዲስ ሰፈር ንድፍ ውስጥ ለዎርክሾፕ፣ ለሱቅ፣ ለጉሊትና ለልዩ ልዩ አገልግሎት ቦታ መተው አለበት። በዋና መንገድ ዳር የሚሠሩ ቤቶች ምድር ቤታቸውን ለንግድ እንዲያውሉ መፍቀድም አንዱ መንገድ ነው።

ውኃው የት ይሄዳል?

በዳርቻ ሰፈሮች ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በክረምት ነው፤ መንስኤው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በበጋ የተሠራ ስህተት ነው። በበጋ ቦታ የሚመለከት ሰው የደረቀ ሸለቆ ያያል። ሸለቆው ለጥ ያለና ዋጋው ረከስ ያለ በመሆኑም ይማርካል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን መሬቱ የወንዙ ነው።

የከተሞቻችን አቀማመጥ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት። ላይ የዘነበው ውኃ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች እንዲሁም በገባሮቻቸው አድርጎ ታች ይደርሳል። በመሆኑም ሰሜን የተሠራ አስፋልትና ጣሪያ በደቡብ ዳርቻ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። አዳማ ዙሪያዋን በከፍታዎች የተከበበች ሳህን መሰል ከተማ በመሆኗ ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ጎርፍ ወደ መሀል ይመጣል። ባሕር ዳር በአንጻሩ ሜዳ ናት፤ የእርሷ ችግር የውኃው ፍጥነት ሳይሆን መውጫ አጥቶ መቆሙ ነው። ለአንዱ ከተማ የሚስማማ ቦይ ለሌላው ላይስማማ ስለሚችል የሰፈር ንድፍ ከሌላ ከተማ ተገልብጦ አይመጣም።

መጠኑን ለመረዳት ቀደም ሲል ወዳየነው ሄክታር እንመለስ። እያንዳንዳቸው 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያላቸው 25 ቤቶች 2,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይኖራቸዋል። 3,000 ካሬ ሜትር መንገድ ሲጨመርበት 5,000 ካሬ ሜትር ውኃ የማያሰርግ ወለል ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚህ ወለል ላይ እስከ 150,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል። መሬቱ ማሳ በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ወደ አፈር ይሰርግ ነበር። አሁን በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይወጣል። ይህ ከአንድ ሄክታር የሚመጣ ብቻ ነው፤ 100 ሄክታር ሰፈር ከሆነ 15 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው።

የወንዝና የጅረት ዳርቻ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ክፍት የሚተወው ለዚህ ነው። ለውበትም ይጠቅማል፤ ዋና ሥራው ግን ጎርፉ ቤት ሳይነካ የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ መሆን ነው። ስፋቱ እንደ ወንዙና እንደ አካባቢው ተዳፋትነት በከተማው ፕላን ይወሰናል። ጅረቱን በጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በላዩ መገንባት ለጊዜው መሬት ያስገኛል፤ ቱቦው በቆሻሻ ወይም በደለል የተደፈነ ዕለት ግን ውኃው የቀድሞ መንገዱን ይዞ ይመጣል። ከመንገድ ጎን ሣርና ዛፍ የሚተከልበት ያልተነጠፈ መስመር መተው፣ በተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፣ የጣሪያ ውኃን መያዝ ሁሉም የጎርፉን ጉልበት ይቀንሳሉ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካለው ቤት በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 3,000 ሊትር ስለሚገኝ፣ አንድ መካከለኛ ሮቶ በአንድ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። ውኃው ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልት ይሆናል፤ ሳይጣራና ሳይታከም ግን ለመጠጥ አይውልም።

የቆሸሸው ውኃ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። አብዛኛው የማስፋፊያ ሰፈር የፍሳሽ መስመር ሳይደርሰው ነዋሪ ይገባበታል። እያንዳንዱ ቤት በግቢው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በአዲስ አበባ ይህ የሰፈር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከተማዋ በምትሰፋበት በደቡብ በኩል፣ በአቃቂ አካባቢ ከሚገኙ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ስለሆነም የፍሳሽ ጉድጓድ በተፈቀደው ዲዛይን መሠረት የማያሰርግ ሆኖ መሠራቱ፣ ቦቴ በሚደርስበት በኩል መሆኑና በወቅቱ መመጠጡ በቁጥጥር ሊረጋገጥ ይገባል።

ለድንኳን የሚሆን ሜዳ

በካርታ ላይ «የጋራ መገልገያ» ተብሎ የሚጻፈው ቦታ ለብዙ ሰው ትርጉም የሚኖረው ሐዘን ወይም ሠርግ ሲመጣ ነው። ክፍት ቦታ በሌለው ሰፈር የእድር ድንኳን መንገድ ላይ ይተከላል፤ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል፣ ለቀስተኛው በመኪናና በቦይ መካከል ይቀመጣል። ልጆችም ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ንድፉ ከመጀመሪያው ለየመንደሩ መጠነኛ ሜዳ ቢተው ይኸው ቦታ ለድንኳን፣ ለልጆች ጨዋታ፣ ለሕዝብ ስብሰባና ለቅዳሜ ገበያ በየተራ ያገለግላል። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የአምልኮ ቦታዎችም በዚሁ መንገድ ቀድመው ካልተለዩ በኋላ የሚገኘው ቦታ ከሰፈሩ ጫፍ ወይም ከገደል አፋፍ ነው። ባዶ የሚመስለው ቦታ በሌሎች እንዳይያዝ መጠበቅ የወረዳው ሥራ ቢሆንም፣ ቀድሞ የሚያየው ነዋሪው ነው።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ በስፋት የሚገኘው መረሬ ወይም ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ሳያጤኑ በቀላል መሠረት ላይ የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው ይሰነጠቃል። የአፈር ምርመራ ወጪ ለአቅመ ውስን ቤተሰብ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ በአቅራቢያው የገነቡ ጎረቤቶች ስንት ሜትር ቆፍረው ጠንካራ መሬት እንዳገኙ መጠየቅና ለመሐንዲሱ መንገር ይጠቅማል።

ተገልጋዩ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ ክልል ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ አዋጁ በተደነገገው መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው። በዳርቻ አካባቢ በእማኞች ፊት በመንደር ውል የሚደረግ የማሳ ግዢ ገዢውን የሕግ ባለመብት አያደርገውም። ቦታው በመንገድ ወይም በወንዝ ዳርቻ መስመር ላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ገዢው ገንዘቡንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። በዚህ መንገድ የሚጎዱት በአብዛኛው ሕግ ለመጣስ ያሰቡ ሰዎች አይደሉም፤ የቤት ኪራይ ያስመረራቸው ቤተሰቦች ናቸው።

በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ይዞታም ቢሆን መጠየቅ ይገባዋል። ወደ ከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዘው ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ይጠይቁ። መዋቅራዊ ፕላን በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ለ10 ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ፣ የፀና ጊዜው መቼ እንደሚያበቃና ክለሳ ተጀምሮ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ብልህነት ነው። ቀጥሎ ለአካባቢው ዝርዝር የአካባቢ ልማት ፕላን ተዘጋጅቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የፊት ለፊት መንገዱ ስፋት፣ የሚፈቀደው የሕንፃ ከፍታና ክፍት የሚተወው ቦታ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ግንባታ ለመጀመር የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፕላን ስምምነቱን ዲዛይን ከማሠራትዎ በፊት ቢያወጡ፣ የማይፈቀድ ፎቅ ለተነደፈበት ወረቀት ክፍያ ከመክፈል ይድናሉ።

አዋጁ የከተማ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። የውይይት ጥሪ ሲደረግ የሚገኘው ነዋሪ ቁጥር አነስተኛ ሲሆን፣ ቅሬታው የሚመጣው ችካሉ ከተተከለ በኋላ ይሆናል። ያ ጊዜ ደግሞ ለውጥ ለማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በውይይቱ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች የባለሙያ ቋንቋ አያስፈልጋቸውም። ክረምት ላይ ውኃው የት እንደሚቆም፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በየት እንደሚያልፉ፣ የትኛው ጅረት በበጋ ደርቆ በሐምሌ እንደሚሞላ ከማንም በላይ የሚያውቁት በአካባቢው የኖሩ አርሶ አደሮችና ነባር ነዋሪዎች ናቸው።

በይዞታዎ ወሰን ላይ የተተከለው ችካል በእርሻ፣ በጎርፍ ወይም በግንባታ መኪና ምክንያት ጠፍቶ ከሆነ በግምት አጥር አይጠሩ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዘው ለከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በማመልከት ወሰኑ በካርታው ላይ ባለው መሠረት በቀያሽ እንደገና እንዲለይ ይጠይቁ። ቅየሳው በሚከናወንበት ዕለት አዋሳኝ ጎረቤቶች እንዲገኙ አስቀድመው ያሳውቋቸው።